ኳስ የሌለበት የኳስ ፎቶ

ሰኞ፣ የካቲት 7

ሰናይትን ያለ ጭንቅላት አነሳኋት። ትናንት ሜዳው ዳር ቆሜ «ያዝኳት!» ብዬ ስጮህ የሰማ ሁሉ ፎቶውን አሳዪን ይለኛል። ምኑን ላሳይ? ዛሬ ፊልሙን አጥቤ ብርሃን ላይ ብይዘው ከአንገት በታች ያለች ልጅ፣ ወደ ሰማይ የተዘረጋ ክንድ፣ የተጣመመ መረብ። ኳሱ የለም። የቀበሌያችን የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ዋንጫ የወሰደበት የመጨረሻው ምት ነበር። ሰናይት ዘላ መታችው፤ እኔ ቁልፉን የተጫንኩት ኳሱ መሬት ከነካ በኋላ ነው።

የተረፈውም ከዚህ አይሻልም፦

ዳኛው ጥርት ብሎ ወጥቷል፣ ግን የመረቡ ምሰሶ ከአናቱ ላይ በቅሏል።
የእንግዶቹ አምበል ዓይኗን ጨፍናለች።
ዋንጫው ሲሰጥ እጄ ተንቀጥቅጦ ዋንጫው ሁለት ሆኗል።
አንዱ የራሴ ጣት ነው።

ለምን እንዲህ እንደተብከነከንኩ ልጻፈው፣ ሲጻፍ ቀለል ይለኛል። ቀበሌያችን ያለበት ከፍተኛ የወጣቶች ማህበር የፎቶ ውድድር አውጥቷል። ርዕሱ «የስፖርት ደስታ» ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ፎቶ፣ ማስረከቢያው ቅዳሜ። እኔ ደግሞ ዊንጌት አጠገብ ጋሽ አርጋው ፎቶ ቤት ተቀምጬ በቀጭን እርሳስ ፎቶ ላይ የሰው ብጉር ሳጠፋ፣ የሙሽራ አገጭ ሳስተካክል የኖርኩ ሰው ነኝ። ካሜራ የሚይዙት ወንዶቹ ናቸው። «ሴት ልጅ በሠርግ ግርግር መሀል ካሜራ ተሸክማ!» ይላሉ ጋሽ አርጋው። ሳሰለቻቸው ጊዜ ግን ካሜራውን ለእሑድ አዋሱኝና፣ «ከአንድ እስከ ሦስት ከወጣሽ ከዚህ በኋላ ሠርግ ትወጫለሽ። ካልወጣሽ አርፈሽ እርሳስሽን ትቀርጫለሽ» አሉኝ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እኔ ግን የምለቅመውም አላገኘሁም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 8

አገኘሁ! አገኘሁ መሰለኝ።

በምሳ ሰዓት ሁሉንም በትንንሹ አተምኳቸው። ከሳሙና ካርቶን ሁለት የማዕዘን ቅርጽ ቆርጬ ፎቶዎቹ ላይ ወዲያና ወዲህ ሳንሸራትት ዋልኩ። እንዲህ ሲደረግ የሚቆረጠውንና የሚቀረውን ዓይን ቶሎ ይለየዋል። ዳኛውን ከምሰሶው ልገላግለው ብዬ ጆሮውን ቆረጥኩት። አምበሏን ተውኳት። ከዚያ ተስፋ ቆርጬ ወደ ሰናይት ጭንቅላት የለሽ ፎቶ ተመለስኩና ካርቶኑን ወደ ቀኝ ጥግ ገፋሁት።

ከገመዱ ጀርባ፣ ከሰዉ ሁሉ ኋላ፣ እትዬ አስካለ ቆመዋል። ሁለት እጃቸው ወደ ላይ፣ አፋቸው ተከፍቶ፣ ዓይናቸው በሳቅ ጠፍቶ።

እትዬ አስካለ የሰናይት እናት ናቸው፤ እዚሁ ሽሮ ሜዳ ከእኛ ቤት ሁለት አጥር ዝቅ ብሎ ይኖራሉ። ባላቸው ጋሽ ወልዴ ሸማኔ ነበሩ፣ አምና በዚህ በየካቲት ወር ነው ያረፉት። ከዚያ ወዲህ እትዬ አስካለን ሲስቁ ያየ የለም። ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያ፣ ቤት፣ በቃ። ሜዳ መምጣታቸውንም አላወቅሁም። ሰናይት ለምናቸው ይሆናል፣ ከሰው ኋላ ተደብቀው አይተዋል።

የልጅቱ ክንድ በግራ፣ የእናትየው ሁለት እጅ በቀኝ፣ መሀላቸው መረቡ። ሦስቱም እጆች አንድ ላይ ተነስተዋል። እኔ ይህን አላየሁም፤ ካሜራው ነው ያየው። እግዚአብሔር ለሰነፍም ያስባል።

ረቡዕ፣ የካቲት 9

ትልቅ የማተሚያ ወረቀት በከተማው ጠፍቷል። ጋሽ አርጋው ከመሳቢያቸው ሦስት ቅጠል አውጥተው እንደ ወርቅ ሰጡኝ። «ከዚህ በላይ ብትለምኚኝ የለኝም» አሉ።

መጀመሪያ ጥመቱን አቃናሁት። ወረቀቱን በሰያፍ ሳስቀምጠው መረቡ ቀጥ አለ፣ የቡድናችንም ክብር አብሮ ቀና። ቀጥሎ ከላይ የሰማዩን ባዶ ቆረጥኩ፣ ከታች የሰው ጫማ፣ ከዳር አፍንጫውን የሚጎረጉረውን ሰውዬ። ጥግ ላይ ያለ ነገር ሲጎላ የፊልሙ ነጠብጣብ ፍሬ ይወጣል፤ ሽሮ የተነሰነሰበት ይመስላል። ይሁን።

ጭንቀቱ ነጠላው ነው። እትዬ አስካለ ሐዘን ላይ ስለሆኑ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረው ነው የለበሱት። ማንም ሰው በአንድ እይታ ሐዘንተኛ መሆናቸውን ያውቃል። ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ሜዳ ላይ እንዲህ አፋቸውን ከፍተው ሲስቁ አዳራሽ ውስጥ ቢሰቀሉ የሠፈሩ ምላስ ምን ይላል? ደግሞም ርዕሱ ደስታ ነው። እና የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። ከደረት በታች ቆረጥኩ። አንገታቸው ላይ የቀረውን ጥለት ከወረቀቱ ላይ በምላጭ ጫፍ ቀስ እያልኩ ፋቅሁት፣ ነጭ ሆነ። እርሳስ ነካ ነካ አደረግሁበት። የኔ እጅ እንደነካው ማንም አያውቅም። ስጨርስ ተራ ነጭ ልብስ የለበሱ አንዲት ደስተኛ እናት ወጡ።

ጋሽ አርጋው መነጽራቸውን አውልቀው አዩት።

«ኳሱ የታለ?»

«ወድቋል፣ ጋሼ።»

እንደገና አዩት። «ጥሩ ነው» አሉ። እኚህ ሰውዬ ጥሩ ነው ሲሉ ከሰማሁ ዘመን የለውም። እየዘለልኩ ቤት ገባሁ።

እማዬ ግን ፎቶውን አይታ ወደ ፖስታው መለሰችው። ኋላ «አስካለን ሳትጠይቂ እንዳትሰጪ» አለችኝ። ነገ እሄዳለሁ። ምን ይላሉ? ደስ ይላቸዋል እንጂ!

ሐሙስ፣ የካቲት 10

አልቅሼ ነው የገባሁት። እንዴት እንደሆነ ልጻፍ።

ከሥራ ስመለስ እትዬ አስካለ ቤት ጎራ አልኩ። የጋሽ ወልዴ የሽመና ዕቃ እንዳለ አለ፣ እግራቸውን የሚያስገቡበት ጉድጓድ በጣውላ ተከድኗል። ሰናይት ደብተር ይዛ ትቀመጥበታለች። ፎቶውን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ በሩ ብርሃን ወጡ። ሰናይት ከጀርባቸው አጮልቃ «እማ! ስትስቂ እኮ!» አለች። እሳቸው ግን አልሳቁም። አውራ ጣታቸውን አንገታቸው ላይ፣ የፎቶው አንገት ላይ፣ ወዲህና ወዲያ አሹት።

«ነጠላዬ የታለ?» አሉኝ።

እ... ማለቴ... ሰው እንዳያማዎት ብዬ፣ ሐዘንዎ እንዳይታይ ብዬ፣ ቆርጬው ነው አልኩ። ጥለቱን እንደፋቅሁትም ተናገርኩ። ሞኝ ነኝ፣ ሥራዬን እንዲያደንቁልኝ ፈልጌ ነው መሰለኝ።

«ስሚ፣ ሙሉ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ሐዘኔን እኮ ነው ያወለቅሽብኝ። ይኼን ያየ ሰው ምን ይላል? ባሏ ዓመት ሳይሞላው ጥለቷን ጥላ ሜዳ ወጣች ነው የሚል። ስቄያለሁ፣ አልክድም። ልጄ ናት። ወልዴም ቢኖር አጥሩን ዘሎ ይገባ ነበር። ግን የሳቅሁት ሐዘኔን ለብሼ ነው። ደግሞ ይኼን ጥለት ማን ሠራው? እሱ አይደል እንዴ? የመጨረሻ ሥራው ነው። አንቺ በምላጭ ፋቅሽው?»

ፎቶውን ተቀብዬ ፖስታው ውስጥ ከተትኩት። ሐዘናቸውን የሸፈንኩ መስሎኝ ሴትየዋን ራቁታቸውን አስቀርቻቸዋለሁ። ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ እኔ በገዛ እጄ ቀደድኩት።

ስወጣ ሰናይት እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። ከኋላ የእትዬ አስካለ ድምፅ መጣ። «የምታወጪኝ ከሆነ እንደነበርኩ አውጪኝ። ካልሆነ ተዪው።»

እንዲሁ ተዪው አላሉኝም። ካልሆነ ነው ያሉት። እዚህ ቃል ላይ ተንጠልጥዬ ላድር ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 11

ሁለት ቅጠል ወረቀት ቀርቶኝ ነበር። አንዱን አበላሸሁት።

ነጠላ ነጭ ነው፣ ፀሐዩ ደግሞ እሑድ ዕለት እንደ ተሳለ ቢላ ነበር። እንዲሁ ሲታተም ጥለቱ ይደበዝዛል፣ ከነጩ ጋር ይቀላቀላል። (ለካ ራሱ ሊጠፋ ትንሽ ነበር የቀረው፣ ረቡዕ ምላጭ ያነሳሁት ለከንቱ ነው!) ጥለቱን ለማውጣት ካርቶን በስቼ በቀዳዳው በኩል እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ብርሃን መጨመር አለብኝ፣ ፊታቸውን ሳልነካ። የመጀመሪያው ላይ አበዛሁት። ነጠላው አመድ መሰለ። እሳቸውን ያቆሸሽኳቸው መስሎኝ ገልብጬ አስቀመጥኩት።

የመጨረሻውን ወረቀት ከመንካቴ በፊት ጨለማው ክፍል ውስጥ ቆሜ አባታችን ሆይ ደገምኩ። የማህበሩ ጓዶች አይስሙ። ካርቶኑን ወደ ነጠላው ጠጋ ራቅ፣ ጠጋ ራቅ እያደረግሁ፣ እጄ ሳይቆም። ወረቀቱን ፎቶ ማውጫው መድኃኒት ውስጥ ነከርኩ። መጀመሪያ ሦስቱ እጆች መጡ። ቀጥሎ መረቡ። ከዚያ አፋቸው። ጥለቱ ግን የለም፣ የለም፣ የለም... ኋላ ከአንገታቸው ሥር አንድ ቀጭን መስመር፣ ከሥሩ ሌላ፣ ከዚያ መሀሉ ላይ ጋሽ ወልዴ የሸመኗቸው ትንንሽ የጥለት ጥርሶች በየተራ እየወጡ ተሰለፉ።

ጮህኩ። ጋሽ አርጋው ተቃጠለች ብለው በሩን ሊከፍቱ ነበር። «አይክፈቱ!» ብዬ ፎቶውን ከብርሃን አዳንኩት።

በዚህኛው ከወገብ በላይ ሙሉ ናቸው። ጥቁር ቀሚሳቸው ይታያል፣ የተዘቀዘቀው ነጠላ ይታያል፣ ሳቁም አለ። ከረቡዑ ይልቅ ሳቁ የበረታ መሰለኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ የታተመው ያው ፊት ነው።

ለእትዬ አስካለ ወስጄ አሳየኋቸው። «እንዲህ ነበርኩ?» አሉ። ከዚያ «ጥለቱ ደርቋል? ልንካው?» አሉ። ነኩት። «ለውድድሩ ስጪው» አሉኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 12

አስረክቤያለሁ። እግዚኦ።

የተቀበሉን ጓድ ይልማ ናቸው፣ ከኮሚቴው። ጠረጴዛው ላይ ክምር ፎቶ። ችቦ የያዙ ሰልፈኞች፣ ኳስ፣ ብስክሌት፣ ደግሞ ኳስ። የኔን አገላብጠው አዩና፣

«ኳሱ የታለ?»

«ከፎቶው ውጪ ነው፣ ጓድ።»

«ይቺ ሴትዮ ሐዘንተኛ አይደለችም እንዴ?»

«ናቸው።»

«ርዕሱን አንብበሻል? ደስታ ነው የሚለው። ሌላ የለሽም?»

ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ። የረቡዑ፣ የተፋቀው፣ እዚያው ፖስታ ውስጥ ከጀርባው ተቀምጧል። ጋሽ አርጋው ጥሩ ነው ያሉት። እጄን ብሰድ ነገሩ ሁሉ ይቃና ነበር። ሠርግ፣ ካሜራ፣ ሁሉም። እትዬ አስካለም አዳራሽ ላይመጡ ይችላሉ፣ ላያዩት ይችላሉ፣ ይህን ሁሉ አሰብኩ። አሰብኩ እንጂ፣ ለምን ልዋሽ።

«የለኝም» አልኩ። ውሸቱ ይኸኛው ብቻ ነው።

ጓድ ይልማ ፎቶዬን ከክምሩ ለይተው ለብቻው አስቀመጡት። «ኮሚቴው ይወስናል።» ለብቻ መቀመጥ ክብር ይሁን ውርደት አላውቅም። መንገድ ላይ የረቡዑን ፎቶ ቀዳደድኩት። ቤት ስደርስ ደግሞ ሳይቸግር ጤፍ ብድር አልኩ ለራሴ።

ሰኞ፣ የካቲት 14

እርሳስ ስቀርጽ ዋልኩ። ከቀጨኔ የመጡ አንድ ሽማግሌ ግንባራቸው ላይ ጠባሳ አለባቸው። ልማዴ ማጥፋት ነው። ዛሬ እርሳሱን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት፤ ወጥቼ ልጠይቃቸው አልኩ። «እንዴት ይጠፋል! ልጆቼ በምን ሊያውቁኝ ነው?» ብለው ተቆጡ። ስንት ሰው ሳልጠይቅ እንደደለዝኩ እግዜር ይወቀው። ጋሽ አርጋው በበሩ ቀዳዳ ሰምተው ሳል ሳል አደረጉ፣ ሲስቁ እንዲያ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 16

ሰናይት እየሮጠች መጣች። ፎቶዎቹ አዳራሹ ውስጥ ተሰቅለዋል። የኛም አለ!

«የት?» አልኩ። «በሩ አጠገብ» አለች። ጥሩ ቦታ ነው፣ የሚገባ ሁሉ ያየዋል አልኩ። «አያየውም» አለች፣ «በሩ ሲከፈት ይሸፍነዋል።»

እማዬ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ግን የማይፈለግ ነገር ነው ከበር ጀርባ የሚቀመጠው። ሦስተኛ የሚወጣ ፎቶ ከበር ጀርባ ይሰቅላሉ?

እሑድ፣ የካቲት 20

በየተራው ልጻፍ፣ አለዚያ አይጻፍም።

አዳራሹ ጢም ብሏል። በሩ ተከፍቶ ፎቶዬን ሸፍኗል። ሰናይት የቡድኑን ልጆች ሰብስባ መጣችና በሩን ዘግታ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። አንድ ሰው ሲገባ ትከፍታለች፣ ገብቶ ሲያልቅ ትዘጋለች፣ «ይኼን አይተዋል?» ትላለች። እንደ ዘበኛ።

እትዬ አስካለ ከቅዳሴ መልስ መጡ፣ ሁለት የዕድር ሴቶች አብረዋቸው፣ ነጠላቸው ያው እንደተዘቀዘቀ። አንደኛዋ ሴት ፎቶውን አየች፣ እትዬ አስካለን አየች፣ ደግሞ ፎቶውን። ምላሷ ከሠፈሩ ሁሉ የተሳለ ሴት ናት። ምን ልትል ነው ስል፣ «የወልዴ እጅ አይደለም እንዴ ይኼ ጥለት?» አለች። «የሱ ነው» አሉ እትዬ አስካለ። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ስለ ሳቁ አንድም ቃል አልተናገሩም፣ ስለ ጥለቱ ብቻ አወሩ።

ውጤት። አንደኛ፣ የችቦው ሰልፍ። ማን ተጠራጥሮ! ሁለተኛ፣ ብስክሌተኛው። እኔ ቦርሳዬን አንስቼ ነበር። ሦስተኛ ሲሉ ስሜን ከነአባቴ ጠሩት፣ ሰናይት በሩን ለቃ ጮኸች፣ በሩም ተከፍቶ ፎቶውን ሸፈነው።

ሽልማቱ የምስክር ወረቀትና ለእኔ ሦስት እጥፍ የሚሆን ከነቴራ ነው። ጓድ ይልማ እጄን ሲጨብጡኝ ፊታቸው ኮስተር ያለ ነበር። ከዳኞቹ አንዱ፣ አንድ ሸበቶ የስፖርት አስተማሪ፣ ስወጣ ጠሩኝ። «እኔም ኳሱን ፈልጌ ነበር» አሉኝ። «ኋላ ከሴትየዋ ፊት ላይ አየሁት፣ የት እንዳረፈ።»

ጋሽ አርጋው እንኳን ደስ ያለሽ አላሉም። ካሜራውን አንገቴ ላይ አጠለቁና እስከ ጉልበቴ ሲንጠለጠል አይተው፣ «ማሰሪያው ይጠር» አሉ። እዚያው በካራ በስተው አሳጠሩት። ለኔ ቁመት! ወንዶቹ ከእንግዲህ ቢያጠልቁት አገጫቸው ሥር ነው የሚቀረው።

እሑድ፣ የካቲት 27

ትናንት የጋሽ ወልዴ ሙት ዓመት ቁስቋም ማርያም ወጣ። ዛሬ ጠዋት እትዬ አስካለ ሰው ላኩብኝ። «ካሜራሽን ይዘሽ ነይ።» የመጀመሪያ ሥራዬ ሠርግ ይሆናል ስል እሳቸው ቀደሙ።

ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ያው ነጠላ ነው፣ ግን ዛሬ ተቃንቷል፣ ጥለቱ ወደ ታች ወርዷል። ጥቁሩ ቀሚስ የለም። ለዓመት ጥለቱን ከአንገታቸው ሥር ነው ያየሁት፤ ቦታው ሲመለስ አዲስ ልብስ መሰለኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ በካሜራው ሸፈንኩት። ለዚህም ይጠቅማል ለካ።

ችግሩ፣ እትዬ አስካለ እንደ እንጨት ቆሙ። እጅ ጎን ላይ፣ አገጭ ወደ ላይ፣ ዓይን ፍጥጥ። አንድ እስኪቀር ፊልሙን እንዲሁ ጨረስኩት።

«እትዬ፣ ትንሽ ይሳቁ እንጂ!»

«ፎቶ ላይ ማን ይስቃል?»

ሰናይት መሬት ላይ ወድቃ ሳቀች። እኔም «ተዉት በቃ» ብዬ ካሜራውን ዝቅ ላደርግ ስል፣ እትዬ አስካለ ወዲህና ወዲያ ዞር ዞር ብለው ደጁን ቃኙና ኮስተር ብለው፣ እኔ እንደተረኩላቸው፣ እንደ ጓድ ይልማ ድምፃቸውን አወፍረው፣ «ለመሆኑ ኳሱ የታለ?» አሉ። አላስቻላቸውም። በራሳቸው ቀልድ ፈነዱ፣ ሁለት እጃቸው ተነሳ፣ ነጠላው ተንሸራተተ።

ተጫንኩ። የመጨረሻዋ ነበረች፣ የፊልሙ መዘውር ከዚያ በኋላ አልዞረም።

ያዝኳቸው መሰለኝ። ቀደምኩ ይሁን ዘገየሁ አላውቅም፤ ፊልሙ እዚህ አጠገቤ ካሜራው ውስጥ ነው፣ ነገ ነው የሚታጠበው። ብቻ ጭንቅላታቸውን ቆርጬ እንዳይሆን!